ሲጠራ የሚመጣው ሊፍት

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳደር የሶፍትዌር ፍተሻ ክፍል ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጉልበትዎ ደህና ነው? እኔ ዘጠነኛ ፎቅ የምኖር የሰዋስው መምህር ስለሆንኩ ሰሞኑን ከጉልበት ሌላ ወሬ የለኝም።

አዲሱ የሊፍታችን ሶፍትዌር እንደ ድሮው በዘፈቀደ ሳይሆን በጽሑፍ በሰፈረ መስፈርት መሠረት መፈተሹን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስላበሰሩን እጅ እነሣለሁ። እኛ ነዋሪዎች በመስፈርቱ እንዲገባ የጠየቅነው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሊፍቱ ሲጠራ ይመጣል»። ባለሙያዎችዎ ይህንኑ ስሕተት በማይገባበት የሒሳብ ቋንቋ ገልብጠው፣ ከእሱም ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፈተናዎች አውጥተው፣ ሊፍቱ ሁሉንም አልፏል። እንኳን ደስ አለዎ! ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

፩. «ሲጠራ» ስንል «ጠ»ን አጥብቀን፣ ሰው ሲጠራው ማለታችን ነበር። ባለሙያዎችዎ ግን አላልተው አነበቡትና የሊፍቱ መስታወት ጥርት ሲል አደረጉት። ስለዚህ አዝራሩን ብንጫን፣ ብንደበድብ፣ ብንለማመጥ ንቅንቅ አይልም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ መስታወቱን ወልወል ስታደርገው ግን እሷን ይዞ ሽቅብ ይከንፋል። ሴትዮዋ ያለ ፈቃዷ አብራሪ ሆናለች።

፪. ቴክኒሻንዎን ባነጋግረው «ጋሼ፣ መስፈርቱ ያለውን ነው የሚሠራው» ብሎ አጽናናኝ። እውነቱን ነው፤ ፈተናውን ያወጣው መስፈርቱ፣ ያረመውም መስፈርቱ ነው። እኔም ተማሪዎቼን እንዲህ ብፈትን ኖሮ ክፍሉ በሙሉ አንደኛ ይወጣ ነበር።

፫. እናቴ። የምትኖረው እኔው ዘንድ ዘጠነኛ ፎቅ ነው፤ ጉልበቷ ደረጃ አይችልም። ቅዳሜ የታናሽ እህቴ ሠርግ ነው፤ የቆመውን ሊፍት በቁልፍ ከፍታ የምትወለውለው ሠራተኛ ደግሞ ቅዳሜ ዕረፍቷ ነው። እናቴ የሠርግ ቀሚሷን እየለበሰች እያወለቀች «ልጄን ሳልድር ልቀር ነው?» ትለኛለች። እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀ፤ በጣም ተናድጃለሁ።

ስለዚህ በመስፈርቱ ላይ አንድ ቃልና አንድ ፊደል ብቻ ጨምረው «ሰው ሲጠራው ይመጣል» እንዲያሰኙልን፣ ከዚያም ሦስት መቶ አሥራ ሦስተኛውን ፈተና እናቴ አዝራሩን በመጫን እንድትፈትን እንዲፈቅዱላት በትሕትና እለምናለሁ።

ከየትኛውም መስታወት በጠራ አክብሮት፣
መቶ ስልሳ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቁና ቁና እየተነፈስኩ፣
የዘጠነኛ ፎቁ የሰዋስው መምህር

ማሳሰቢያ፦ «ዋና ኃላፊ» የሚለውን ማዕረግዎን በየትኛውም መስፈርት ውስጥ እንዳያስገቡት አደራ። ባለሙያዎችዎ «ና»ን አላልተው ያነበቡት ዕለት ውኃ ውስጥ ጨምረው ይፈትኑዎታል። ፈተናው ቅዳሜ ከሆነ ግን ተመልካች አያጡም፤ እናቴ ሌላ መሄጃ ስለሌላት ከመስኮቷ ሆና ታይዎታለች።