የአሻንጉሊቷን እግር ምን ነካው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዛሬም ምሳ ዕቃዋን እንደሞላ መልሳ አመጣችው። ልጄ ሕሊና ስምንት ዓመቷ ነው፤ ታማ እንኳ የምትበላ ልጅ ነበረች። ከእሑድ ጀምሮ ግን ቃል አይወጣትም። በዚህ ሙቀት ረጅም ካልሲ አድርጋ ትውላለች። አውልቂው ስላት፣ "በርዶኛል" አለች።

ትኩሳት የላትም፣ ለካኋት። ትምህርት ቤት ደወልኩ፤ የተጣላችው ልጅ የለም። አባቷ ሹፌር ነው፣ ጅግጅጋ ሄዷል። አልነገርኩትም። ምን ብዬ?

ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ኮምፒውተር ነው የሚማረው። ራሱ የሠራውን ጨዋታ ላከልኝ። ሥዕል የለውም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው። ፈረስ መጋላ ባለችው የፎቶኮፒ ሱቄ ደንበኛ ሲጠፋ ከፈትኩላት።

"ነፍስ የዘራሽ አሻንጉሊት ነሽ። ሣጥን ውስጥ ነሽ። ምን ታደርጊያለሽ?" ይላል። የምታደርጊውን ትጽፊያለሽ፣ እሱ ይመልስልሻል። ሕሊና በአንድ ጣቷ "እደበቃለሁ" ብላ ጻፈች። ሣጥኑ ተከፈተ ሲላትም "እደበቃለሁ"። አንድ ሰዓት ሙሉ ስትደበቅ ቆየች። ግን ከወንበሩ አልተነሣችም። ይህም አንድ ነገር ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
አሻንጉሊቷ ከሣጥን ወጣች! ሕሊና ከክር መሰላል ሠርታ በመስኮት አወረደቻት። ፈገግ አለች፣ አየኋት።

ከዚያ ጨዋታው "ከፊትሽ የገበያ በር አለ" አላት። እጇን አነሣች። መልሳ አስቀምጣ ጻፈች፦ "አልገባም። ውሻው አለ።"

ዳዊት ጋ ደወልኩ። "ውሻ አስገብተሃል እንዴ?"

"ኧረ ድመት ብቻ ናት ያለችው" አለ።

ስጠይቃት ከንፈሯን ነከሰች። መንገድ ላይ ውሻ አስደንግጧት ይሆናል ብዬ ተውኳት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ባልተውኳት ኖሮ።

ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጨዋታውን አልከፈትኩም። ባዶ ገጽ ከፍቼ፣ አጠገቧ ተቀምጬ፣ እኔው ጻፍኩ፦ "አሻንጉሊቷ ቆማለች። ለምን አትራመድም?" ቀና ብላ አየችኝ። እኔ እንደሆንኩ ታውቃለች። ቢሆንም ጻፈች።

"እግሯ ተቀደደ።"
"ምን ቀደደው?"
"ውሻ።"
"መቼ?"
"ቅዳሜ። ጊደር መጋላ ገበያ ቡችሎች አሉ ብለዋት ሄዳ።"
"ለእናቷ ለምን አልነገረችም?"

ካልሲዋን ወደ ላይ ጎተት አድርጋ ጻፈች።

"ትመታታለች።"

ካልሲዋን አወለቅኩት። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ የጥርስ ምልክት፣ ዙሪያው ቀልቶ። አምስት ቀን! መስከረም ላይ ሳታስፈቅድ ገበያ ሄደች ብዬ በነጠላ ጫማ መትቻታለሁ። ትመታታለች ስትል ምን ውሸት ተናገረች?

ሱቁን ሳልቆልፍ ባጃጅ ውስጥ ገባን። ጤና ጣቢያው ክትባቱ አልቆበታል። ወደ ሆስፒታል። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ደጋግመው አጠቡት፣ ከዚያ መርፌ። ሐኪሟ አልሸነገለችኝም። "የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ከጀመረ መድኃኒት የለውም። ሳይጀምራት መምጣታችሁ ነው ተስፋችን። ውሻውን ፈልጉት። ከነከሳት ጀምሮ አሥር ቀን ጤነኛ ከሆነ እንተነፍሳለን።"

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
ጎረቤቴ እማማ ሮውዳ ጊደር መጋላ ቅመም ይሸጣሉ። ስነግራቸው፣ "ያ አላህ! ይህን ሁሉ ቀን ዝም አለች?" ብለው ሱቃቸውን ለሰው ትተው ተነሡ።

እዚያው ገበያ ያለውን የእህል መጋዘን ዘበኛ አገኘነው። ውሻዋን ያውቃታል፣ በቅርቡ የወለደች ናት። "ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለችም። ቡችሎቹም የሉም" አለ።

ሥጋ ሻጮቹን ጠየቅን። ጋሪ ነጂዎቹን። ማንም አላያትም። ታማ ይሆን? የሆነ ቦታ ሞታ ይሆን?

በሽታው የያዘው ውሃ መዋጥ ያቅተዋል ሲሉ ስለሰማሁ፣ ቤት ስገባ ሕሊናን ውሃ ጠጪ እያልኩ አስቸገርኳት። ስትውጥ ጉሮሮዋን አያለሁ። "እማዬ፣ ጠገብኩ እኮ" አለች። ለአባቷ ደወልኩ። እየመጣ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
እማማ ሮውዳ በጠዋት ደወሉ። "ነዪ ልጄ፣ አግኝተናታል!"

እየሮጥኩ ደረስኩ። ከመጋዘኑ ጀርባ፣ የአሮጌ ጆንያ ክምር ውስጥ፣ አራት ቡችሎች አቅፋ ተኝታለች። ሰው ሲበዛባት አዛውራቸዋለች። እማማ ሮውዳ ከሩቅ ቁራጭ ሥጋ ወረወሩላት። በላች። ዘበኛው በጣሳ ውሃ አስጠጋላት። ጠጣች። እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ እማማ ሮውዳ። "በይ ተነሺ፣ ሰው ያይሻል።"

ሐኪሟ ግን በስልክ፣ "እስከ ማክሰኞ ጠብቁ፤ መርፌውንም እንዳታቋርጡ" አለችኝ። ዘበኛው ጠዋትና ማታ ሊያያት ቃል ገባ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9
ሁለተኛው መርፌ። ሕሊና ሆስፒታሉ እስኪሰማ ጮኸች። አባቷ አቅፎ ያዛት። ውሻዋ ዛሬም በልታለች፣ ዘበኛው ደውሎ ነገረኝ። ሁለት ቀን ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ተከሰከሰ። ሕሊና መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"እማዬ፣ ብርጭቆ ሰበርኩ።"

ማንም ሳይጠይቃት።

"ተቆርጠሻል?" አልኳት።

"አልተቆረጥኩም።"

"በባዶ እግርሽ እንዳትገቢ።"

መጥረጊያ ይዤ ገባሁ። እሷ በሩን ሳትለቅ፣ ለመሮጥ እንደተዘጋጀች፣ እጄን እጄን ታያለች። ስብርባሪውን ጠረግኩ። ስጨርስ ጫማዋን አድርጋ ገባች፣ ጎንበስ ብላም ማፈሻውን ያዘችልኝ።