የኦርቪል ድምፅ በጠዋቱ ሬዲዮ

ካንሳስ፣ ሰኔ 1934

ውድ አንሰል፣

ይህ ደብዳቤ ተራህ ደርሶ ከሐኪሙ ቢላ ስር ሳትተኛ እንዲያገኝህ እየጸለይኩ ነው የምጽፍልህ። ላሟ ደህና ናት፤ ስንዴውም ሊታጨድ ደርሷል። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። የበቆሎ ዳቦዬን «ድንጋይ ነው» እያለ የሚያበሽቀኝ ጠፋ፤ ነቀፋህ ሳይቀር ናፈቀኝ።

ዶክተር ክራንዴል በሬዲዮ «ቤትህ ልጅ የሌለበት ወዳጄ፣ የሚስትህን ዝምታ ስማ» ያለ ቀን ፊትህ ሲጠቁር አይቻለሁ። የፍየል ቆለጥ ሰው ላይ ሰፍቶ አባት ያደርጋል ሲባል ሻንጣህን አንስተህ ቴክሳስ ወረድክ። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ አሉ! ዝም የምለው እኮ አንተ አጠገቤ ካለህ የሚጎድለኝ ስለሌለ ነው።

ስከራከርህ ጎረቤታችንን ኦርቪልን ጠቀስክልኝ። እውነት ነው፤ በፋሲካ ሰሞን ከዚያው ሐኪም ዘንድ ተመልሶ አጥር ሲዘል አይተነዋል። ምስክርነቱን በሸክላ ቀርጸው በየጠዋቱ በሬዲዮ ከሐኪሙ መድኃኒት ማስታወቂያ በፊት ያሰሙታል።

አንሰል፣ ኦርቪል ሞተ። አንተ በሄድክ በሳምንቱ ቀበርነው። የተሰፋው ቦታ አመርቅዞበት ኖሯል፤ አፍሮ ለሚስቱ ለኔታ እንኳን አልነገራትም።

በማግስቱ ኔታ ቤታችን መጣች። የሬዲዮናቸው ባትሪ ስላለቀ የኛን እንድከፍትላት ለመነችኝ። ባሏን የገደለባትን አጭበርባሪ ለምን ታዳምጣለች ብዬ ላባብላት ሞከርኩ።

«እሱን ማን ፈለገው፣ ሎቲ? ኦርቪልን ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ትመጣለች። «ኦርቪል ታገርት እባላለሁ፤ ዛሬ እንደ ኮርማ ነኝ» ሲል በመሐረቧ አፏን ይዛ ትስቃለች። ዶክተሩ ማውራት ሲጀምር ተነስታ ትሄዳለች።

ዛሬ ግን ሸክላውን ለውጠውታል። አንድ የኦክላሆማ ሰውዬ ተናገረ። ኔታ ነገ ይመልሱት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አብሬያት አለቀስኩ።

እኔ እንደሷ ድምፅህን ከሬዲዮ ስር ተቀምጬ መጠበቅ አልችልም። እግዜር ልጅ ከሰጠን እሰየው፤ ካልሰጠን ሁለታችን እናረጃለን። የሚሰፋልህን ፍየል መርጠህም ከሆነ ተወውና ና። ሐሙስ ባቡር ጣቢያ እጠብቅሃለሁ። ካልወረድክ በሚቀጥለው ባቡር እመጣለሁ፤ ከሐኪሙ አልጋ ላይም ቢሆን ጎትቼ አወርድሃለሁ።

ባሏን በሕይወት የምትፈልገው
ሎቲህ