«ተሰዋ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

ለምወድሽ ለወንድሜ ባለቤት፣ ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? እጅሽ ላይ ያለው ቃጠሎ ጠገገልሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? «እኛ ደኅና ነን» እንዳልልሽ ውሸት ይሆንብኛል። አለን። እማዬ እህል መቅመስ ጀምራለች፤ እኔም ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ።

በድምፅ የላክሽልንን ሰማን። ዱቄትና መድኃኒት የጫነችው መርከባችሁ እንዴት እንደተመታች ለምርመራው ጉባኤ መስክረሽ ስትጨርሺ፣ የመቷችሁ የእነዚያ ጠበቃ ተነሥቶ የወንድሜን ፎቶ ግድግዳ ላይ አበራ አልሽ። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አስተርጉሞ፣ «መርከቧ ተዋጊ ጭና ነበር፤ ከለላ የላትም፤ ይኸው የገዛ ወገኑ መስክሯል» አለ። አንቺም «ይህን የጻፈውን ጠላት ባወቅሁት!» ብለሽ አለቀስሽ።

እትዬ፣ ጠላት አይደለም። እኔ ነኝ።

«ወንድሜ ጠላትን ሲፋለም ተሰዋ» ብዬ ማኅበራዊ ገጼ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፎቶውንም የመረጥኩት እኔው ነኝ። መርከቧ ወጥ ቤት ውስጥ ሽርጥ ለብሶ ሽንኩርት እየላጠ የሚስቅበትን ትቼ፣ ለአደጋ ልምምድ ወፍራሙን የመንሳፈፊያ ሰደርያና ሄልሜት ያጠለቀበትን አወጣሁ። ጥይት መከላከያ ይመስላል። እንዲመስል ነበር የፈለግሁት።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ሰበብ አድርገሽ ግን አትቁጠሪልኝ። ክፍላችን ውስጥ «አንበጣ» የምንለው ልጅ አለ። ከለቅሶ በተመለስኩ ዕለት፣ «ወንድምህ በጭልፋ ነው እንዴ የሚተኩሰው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አብሬያቸው መሳቄ እስካሁን ፊቴን ያቃጥለኛል።

በዚያው ሳምንት፣ ልጆቿ ጦር ሜዳ የወደቁባት ጎረቤታችን እማዬን ልታጽናና መጣች። «የኔዎቹስ ወታደሮች ነበሩ፤ ያንቺ ድስት ሲያማስል... ምን አገባውና ሄደ?» አለቻት። ክፋት አልነበረባትም። እማዬ ግን «እንዲያው ልጄ እንደ ዝንብ ድስት ውስጥ ሞተ ሊባል ነው?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰዉ ሲበተን እኔ ክፍል መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የተነጋገርነው ለአንቺ አይጠቅምሽም። ብቻ «ሞተ» የሚለው ቃል ለወንድሜ በጣም ያነሰ መሰለን። እሷ ስትወጣ ስልኬን አነሳሁና ጻፍኩ።

ያከበርኩት መስሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ «ጀግና!» እያለ ሲጽፍልኝ ደረቴን ነፋሁ። አንበጣ ሳይቀር መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝና «አላወቅሁም እኮ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አለኝ። ይቅር አልኩት! እኔ!

የድምፅ መልእክትሽን ከሰማሁ በኋላ የሥነ ዜጋ መምህራችን ዘንድ ሄድኩ። እርዳታ የምትጭን የሲቪል መርከብ መንገዷን አስታውቃ፣ ለፍተሻ ቆማ፣ ውጊያው ውስጥ እጇን እስካላስገባች ድረስ እሷን መምታት ወንጀል ነው አሉኝ። «ታዲያ ወንድሜ ማንንም አልነካም!» ብላቸው፣ «አንተ ግን ተዋግቷል ብለሃል፣ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አላደረጉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ደግሞ እኮ ከመመታታችሁ በፊት ወንድሜ ደውሎ ስለ ፍተሻው ነግሮኛል። የእነዚያ ፈታሾች ዱቄቱን ጆንያ በጆንያ ወግተው፣ የወጥ ቤቱን ቢላዎች ሳይቀር አገላብጠው ሲመልሱለት፣ «ጥይቱ ሊጡ ውስጥ ነው፤ ሲጋገር ይፈነዳል» ብሎ አስቋቸዋል። እነሱ ራሳቸው ፈርመው አሳልፈዋችኋል። እነሱ ንጹሕ ነው ያሉትን ሰው እኔ ወታደር አደረግሁት።

አሁን ካፒቴናችሁ «ተዋጊ አሳፍረሃል» ተብሎ እንደታሰረ ነው። ሁለተኛዋም መርከብ ከለላ ሳይረጋገጥላት አትወጣም ተባለ፤ ማዶ ያሉት የተራቡት ሰዎች ደግሞ ዱቄቱን እየጠበቁ ነው። ጽሑፉን አጥፍቼዋለሁ፤ ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ስለዚህ መምህሩ ረድተውኝ የምስክርነት ቃሌን ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። «ወንድሜ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ መሣሪያ ይዞ አያውቅም፤ ሲፋለም ያልኩት ውሸት ነው» ይላል። ዕድሜዬ ስላልሞላ እማዬ መፈረም ነበረባት። ሳነብላት «ድገመው» አለች። ደገምኩላት። «ወጥ ቤት ሠራተኛ» የሚለው ላይ ስደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ብዕሩን ከእጄ ወሰደችው። ፈርማ ስትጨርስም፣ «ያን ቀን ምን እያበሰለላቸው ነበር? ሚስቱን ጠይቅልኝ» አለችኝ። እባክሽ ንገሪያት።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እማዬ ልትደውልልሽ አስባለች። «እንዲያ ብለህ ጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ» ትልሽ ይሆናል። እናት ለልጇ ስትል ምን የማትለው አለ? አትስሚያት። ጉባኤው ፊት የሚጠራው የእኔ ስም ብቻ ይሁን። እሷ የደረሰባት ይበቃታል።

ፈጣሪ ቁስልሽን ያድርቅልሽ፤ እዚያ ስትቆሚም አንደበትሽን ያጽናልሽ። ይቅር ባትዪኝ አልቀየምሽም፤ እሷን ግን አትቀየሚያት።

ያሳፈረሽ ታናሽ ወንድምሽ