ኩሬው ዳር የነበረው ሻርፕ

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የጨጓራ ሕመምሽ ተሻለሽ ወይ? የዓለም ጤና ከተማ ሙቀት ሲጀምር ምግብ እንደማይወርድልሽ አውቃለሁ። ጤና ጣቢያ እየዋለች ለራሷ መድኃኒት የማትወስድ ነርስ አንቺን ብቻ ነው ያየሁት። እኔ አለሁ። አዳማም ነፋሷንና አቧራዋን ይዛ አለች። ሰው አሁንም እየመጣ ያጽናናኛል፤ አንቺን ሳይጠይቅ የሚወጣ ግን የለም።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሃሎ ስትዪ ዘግቼብሻለሁ። ድምፅሽ ዛሬም የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ ነው። ሰብስቤ አንድ ቀን እራት ላይ ይህንኑ ብሎኝ ነበር፤ የእህትሽ ድምፅ አያረጅም አለኝ። እሱ ጨው አቀብዪኝ እንደማለት ቀለል አድርጎ ነው ያለው፤ እኔ ግን ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ አልረሳሁትም። በወረቀት ከሆነ ድምፅሽን ሳልሰማ ልጨርስ እችላለሁ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ፖሊስ የጻፈውን አንብበሻል። ባለቤቴ ሰብስቤ ሐሙስ ገና ጎህ ሳይቀድ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ሊያስነሳ ሄዶ፣ አዳልጦት ኩሬው ውስጥ ገብቶ፣ መውጣት አቅቶት ሞተ፤ ድንገተኛ አደጋ ነው ይላል። ኩሬውን ታውቂዋለሽ። ጥቁር ላስቲክ ስለተነጠፈበት፣ ዋናተኛም ቢሆን እጁ የሚይዘው ነገር ካላገኘ ያዳልጠዋል እንጂ አይወጣም። ሰው ግን የፖሊስን ወረቀት አልተቀበለም። ኩሬው ዳር ችካሉ ላይ ታስሮ የነበረው ገመድ የት ሄደ ይላል። ጥበቃው ነጋሳ ማክሰኞ ጠዋት በዓይኔ አይቼዋለሁ ብሎ መሰከረ፤ የቀረውን ሰው ራሱ ሞላበት። ሸሪኩ ገመቹ ነው የፈታው አሉ። ሽንኩርቱ አሁን ይነቀል አይነቀል ብለው በዚያው ሳምንት ሲጨቃጨቁ ያልሰማ የለማ! ከዚያ ወዲህ ገመቹን ሰላም የሚለው ጠፍቷል፤ ሽንኩርቱን የሚጭንለት ሹፌር እንኳ አላገኘም። ቅዳሜ ደግሞ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እጄ የለበትም ብሎ እንዲምል ጠርተውታል። የሰብስቤ ወንድሞች ቢምልም አናምነውም፣ ከዚህ አገር ይልቀቅ እያሉ ነው።

አንቺም በየቀኑ ቴክስት ትልኪልኛለሽ። ገመቹ ንጹሕ ሰው ነው፣ የሟች ሚስት አንቺ ነሽ፣ አንድ ቃል ብትናገሪ ይሰሙሻል ትዪኛለሽ። ባነበብኩት ቁጥር ንዴቴ ይብሳል። ለገመቹ ጠበቃ፣ ለሰብስቤ አሳቢ፣ ለሰው ሁሉ ደራሽ! እናታችንም ለጎረቤት ከሁለቱ አንጀቷ የሚራራው ትንሿ ናት ትል ነበር፤ እኔ እዚያው ቆሜ እየሰማሁ።

እሺ፣ ልንገርሽ። ያን ማክሰኞ እርሻው ሄጄ ነበር። ፖሊስ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ነጋሳም የጌታዬ ሚስት እርሻዋን ብታይ ምን ይወራል ብሎ ነው መሰለኝ አላነሳውም፤ ለቅሶ ሲመጣ ግን ዓይኔን አላየኝም። ለምን ሄድሽ ካልሽኝ፣ ሰብስቤ በዚያ ወር ሦስት ጊዜ እዚያ አደረ። አንቺም እዚያው ዓለም ጤና ነሽ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እሱ የሞተር ዕቃ ሊገዛ መቂ ሄዶ ነበር። ነጋሳ አካም ጅርቱ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለኝና እየዞረ አሳየኝ። ኩሬው ዳር ስንደርስ፣ ከአንሶላ ቅዳጅና ከሰማያዊ ጨርቅ የተገመደ፣ በየክንዱ ቋጠሮ ያለው ገመድ ከችካሉ ወደ ውሃው ወርዶ አየሁ። ጎንበስ ብዬ የሰማያዊውን ጫፍ ገለበጥኩት። ቢጫ አበባ አለበት። እኔው የጠለፍኩት፣ ስትመረቂ አንገትሽ ላይ ያደረግሁልሽ ሻርፕ ነው። ነጋሳ ፈገግ ብሎ እህትዎ በእጃቸው ገምደው ያሰሩልን ነው፣ አቶ ሰብስቤ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩት አለኝ። ለምን እንደታሰረ ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር፤ አላስጨረስኩትም። ትንሽ ሽንኩርት አምጣልኝ ብዬ ወደ መጋዘኑ ላክሁት።

ቋጠሮሽ ጠንካራ ነው። ከችካሉ ስፈታው የተሰበረው የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር እስካሁን አላደገም። ነጋሳ ሲመለስ ዘንቢሌ ግማሹ ሞልቶ ነበር፤ ሽንኩርቱን ከላይ ጨመረልኝ።

የቀረውን ለቅሶው ላይ ነው የሰማሁት። አምና ከጎረቤት እርሻ አንዲት የቀን ሠራተኛ እንዲህ ያለ ኩሬ ውስጥ ወድቃ ጤና ጣቢያችሁ ሳትደርስ ማረፏን፣ አንቺም ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከእርሻ እርሻ እየዞርሽ ገመድ እሰሩ እያልሽ መለመንሽን፣ ሰብስቤ ዛሬ ነገ ሲል የራስሽን አንሶላና ሻርፕ ቀድደሽ ማሰርሽን፣ ነጋሳ እንባውን እየጠረገ ለድንኳኑ ሁሉ ተናገረ። እዚያ ያድር የነበረውም ሞተሩ እየተበላሸበት ኖሯል። አሥራ አንድ ዓመት ሚስቱ ሆኜ ያን ኩሬ እያየሁ፣ ይህ ሰው ቢወድቅ ምን ይዞ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። አንቺ አሰብሽለት።

ፖሊሱ በስልኩ ፎቶ አሳይቶኛል። ላስቲኩ የተቧጨረው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ በችካሉ በኩል። ሌላ ቦታ አልሞከረም፣ በቀጥታ ወደዚያ ነው የሄደው። በመጨረሻዋ ሰዓት እጁ የፈለገው ያንቺን ሻርፕ ነው፣ እህቴ። በዚህም ቀናሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚህም ቀናሁ።

የገመቹ ሚስት ቦንቱ ከጠዋት ጀምራ ሳሎኔ ተቀምጣለች። ሻይ አቀረብኩላት፣ አልነካችውም። ባሌን አልጠረጥረውም የምትል አንዲት ቃል ብቻ ይስጡኝ ብላ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። ይህን ደብዳቤና አንድ ፌስታል ለእህቴ አድርሺልኝ አልኳት። ስለሚሸት ሽንኩርት መስሏታል። አንቺ ስትከፍቺው ብቻሽን ሁኚ፣ ቁጭ ብለሽም ክፈቺው። ቅዳሜ ግን ገመቹ ከመማሉ በፊት ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀምጪው፤ ነጋሳ ያውቀዋል።

ማን ላከው ብለው ይጠይቁሻል። እዚያ ላይ ለእኔ ብለሽ እንዳትዋሺ። እባክሽ ያንን ደግነትሽን በዚህች ብቻ አሳርፊልኝ። እኔም በጠዋቱ ሚኒባስ እመጣለሁ።

እመቤቴ ማርያም ከክፉ ትሰውርሽ። የእናታችን ምርቃት አይለይሽ፤ ከእኔ ድርሻም ውሰጂ። ሻርፑን አጥቤዋለሁ፣ የሽንኩርቱ ሽታም አበባውም አልለቀቁም። የቀሩትን ቋጠሮዎችሽን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።

ታላቅ እህትሽ