ሳር የሚጠብቅ ሰው

ሐዋዬ፣

ከተለያየን ይኸው አራተኛው ክረምት ገባ። ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። እኔ ደህና ነኝ ብልሽ ደስ ባለኝ፣ ግን ደክሞኛል። ይህን የምጽፍልሽ እግሬን ለብ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው። ለሥራ የሰጡኝ ቦቲ በአንድ ቁጥር ያንሰኛል፤ ይቀየርልኛል ሲባል ክረምቱም በጋውም አለፈ፣ እኔና ቦቲው እየተነካከስን አብረን አለን።

ቤቱን ብታዪው የምታውቂው አይመስለኝም። ትተሽው ከሄድሽው የቀርከሃ ዕቃ አንድም የተረፈ የለም። አጥሩ በስብሶ ወደቀና በባሕር ዛፍ አጣና ተካሁት፤ አንቺ ብታዪው አጥር ሳይሆን የእስር ቤት በር ነው ትዪው ነበር። ያንን ሲጢጥ የሚለውን አልጋችንን ነቀዝ ጨረሰው። ጎተራውም ስለፈረሰ ማሽላውን አሁን በማዳበሪያ ከረጢት ነው የምናስቀምጠው፣ አይጥ ግማሹን ትወስዳለች። ልጃችን ለይላ ባምባሲ ተዳረች። ሴት ልጅ ወልዳ በአንቺ ስም ጠርታታለች። ሕፃኗን መጀመሪያ ላይ በስሟ ሳይሆን ትንሿ እያልኩ ነበር የምጠራት፣ አሁን ግን ለመድኩት።

እናትሽን እንዳልሽው ወደ ግቢያችን አመጣኋቸው። በመጨረሻዎቹ ቀናት እጄን ይዘሽ እናቴን አደራ ያልሽኝን አልረሳሁም። ጤናቸው ለዕድሜያቸው ደህና ነው። ዓይናቸው ግን ደክሟል፤ የሰው ጥላ እንጂ መልክ አያዩም። ምላሳቸው ደግሞ እንደምታውቂው ነው፣ ምንም አልደከመም።

ታመሽ የተኛሽበት ዓመት ቀርከሃው ሁሉ ማበቡን ታስታውሻለሽ። አንዷን ዘለላ አምጥቼልሽ አሸተትሻትና ሽታ የላትም ብለሽ መለስሽልኝ። ቀርከሃ በሰው ዕድሜ አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ነው የሚያብበው፣ ሲያብብም ለመሞት ነው። እናትሽ ልጅ እያሉ አንዴ አይተውት ነበርና ይሞታል ብለው ሲነግሩን ያመናቸው አልነበረም። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከጓሯችን እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ያ ሁሉ ደን ነጭ ሆኖ ደረቀ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እየተንኳኳ ሲወድቅ ይሰማኛል። በዚያ ሰሞን አንቺንም እሱንም ለይቼ ማልቀስ አቅቶኝ ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት የረገፈው ዘር በቀለ። መሬቱን ሳር የሚመስል ነገር አለበሰው። ከብት ከጋጠው ወይም የበጋ እሳት ከነካው ዳግመኛ ቀርከሃ አናይም ተባለና ሽማግሌዎቹ ያንን የወል መሬት ለሦስት ክረምት ጥብቅ አሉት። ማንም አያርስበትም፣ ማንም አያስግጥበትም፣ ማንም አይቆርጥበትም። ጠባቂ ሲፈለግ ሚስት የሞተችበት ሰው ቤት ተቀምጦ ከሚተክዝ ይዙር ብለው እኔን መረጡኝ። ያዘኑልኝ መሰላቸው።

ሥራው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ጠዋት ፊሽካና ገጀራ ይዤ ድንበሩን እዞራለሁ። የደረቀ እንጨት ለሚለቅሙ ሴቶች ቡቃያውን እንዳይረግጡ መንገድ አሳያለሁ። ከብት እመልሳለሁ። በበጋ እሳት እንዳይሻገር ዳሩን እየመነጠርኩ ቀኑ ይመሻል። ጠላት ማብዛት ከፈለግሽ ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም። ጎረቤታችን ይማም ደግሞ ላሞቹን ያሳደጋቸው ድንበር እንዲጥሱ አስተምሮ ነው የሚመስለኝ። እኔን ባየ ቁጥር ሳሩ እንዴት አደረ ይለኛል። ከእሱ የጀመረው ሠፈሩን አዳረሰና ሳር ጠባቂው ተባልኩ። ልጆች በመንገድ ሲያዩኝ ከደጃቸው አንድ እፍኝ ሳር ነቅለው ይኸው ያመለጠህ ይሉኛል። ከሳቅሽ ሳቂ፣ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ።

እውነቱን ለመናገር በሰዉ አልፈርድም። በመጀመሪያው ዓመት ሳር ነበር፣ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ሳር ነበር። ዘንድሮ እዚህም እዚያም ከጣት የማይወፍር ዘንግ አወጣ፣ ግን ሸምበቆ ነው የሚሉም አሉ። እኛ ከወሎ በሠፈራ ተጭነው የመጡ ሰዎች ልጆች ደግሞ እንደ እናንተ የአገሩ ተወላጆች አይደለንም፤ ቀርከሃ የምናውቀው ቆሞ እንጂ ሲወለድ አይደለም። እኔም ብሆን ስንቴ ተንበርክኬ አገላብጬ እንዳየሁት፣ ስንቴስ ልቤ እንደተጠራጠረ ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።

ያኔ አዲስ ሙሽራ ሆነሽ ለጋ ቀርከሃ የሠራሽልን ቀን ትዝ ይለኛል። እናቴ ነፍሳቸውን ይማርና ማድቤቱ በር ላይ ቆመው ሰው እንዴት የአጥር እንጨት ይበላል ብለው አገር ይያዝልኝ አሉ። አንቺ ሥራሽን ቀጠልሽ። መራራውን የመጀመሪያ ውሃ ደፋሽ፣ ደግመሽ ቀቀልሽ፣ በኦቾሎኒ አድርገሽ አቀረብሽ። እናቴ ለጨው ልቅመሰው ብለው ጀምረው ሳህኑን ጠረጉት። ከዚያ ወዲያ ክረምት ሲገባ ያ የአጥር እንጨት አልደረሰም እንዴ እያሉ የሚያስቸግሩሽ እሳቸው ነበሩ። አንቺ ካረፍሽ ወዲህ ያንን ምግብ የቀመሰ ሰው በዚህ ሠፈር የለም።

ሐዋዬ፣ ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ዘንድሮ የሦስቱ ክረምት ቀነ ገደብ ስላበቃ፣ ይማምና ሌሎች ከብት ያላቸው ሰዎች ጥብቁ ይከፈት ብለው ጠየቁ። ቀርከሃ አይደለም፣ ሳር ነው፣ ሳር ደግሞ የከብት ነው አሉ። ከጁምዓ በኋላ ማንጎው ሥር ተሰብስበን እንድንወስን ተቀጠረ። እኔ ምን ተሰማኝ መሰለሽ? እፎይ አልኩ። ይክፈቱትና ልረፍ አልኩ። ለለይላም በስልክ ፊሽካውን ላስረክብ ነው፣ በቃኝ አልኳት። እናትሽ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይሰሙ እንደነበር አላሰብኩም።

በስብሰባው ዋዜማ ከዙር ስመለስ ገና ከአጣናው አጥር ሳልደርስ አንድ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እግሬ ቆመ። ሽታው የክረምት ሽታ ነው፣ የአንቺ ማድቤት ሽታ ነው፣ ለአፍታ መሞትሽ ውሸት መሰለኝ። ገብቼ ሳይ እናትሽ እሳት ዳር ተቀምጠው ድስት ያማስላሉ። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። በዱላቸው መንገዱን እየዳበሱ ከጓሮ ወጥተው፣ ጥብቁ ውስጥ ገብተው፣ በእጃቸው እየዳሰሱ ጥቂት ለጋ ቆርጠው መጥተዋል። ስንቱን ሰው እየመለስኩ የራሴ ቤት ሌባ ሆነ።

ተናደድኩ፤ አልዋሽሽም። ሽታው በየቤቱ ገብቷል፣ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ደንቡ ደግሞ ቡቃያ የቆረጠ ሽማግሌ ፊት ይቆማል ይላል። ያንቺን አደራ ይዤ እናትሽን እንደ ወንጀለኛ ሰው ፊት ላቆም ነው፤ ካላቆምኩ ደግሞ እስከዛሬ የመለስኳቸው ሁሉ ምን ይሉኛል? እኔ ቆረጥኩ ብዬ ጥፋቱን ልውሰደው ስል አሰብኩ። ይህንኑ ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁብኝ። ነገ እኔ ራሴ ነኝ የምሄደው፣ አንተ ዝም ብለህ ድስቱን ያዝልኝ አሉኝ።

በማግስቱ እሳቸው ከፊት ዱላቸውን ይዘው፣ እኔ ከኋላ ድስት ተሸክሜ ማንጎው ሥር ደረስን። የደንብ ልብስ ለብሶ ድስት የተሸከመ ጠባቂ አይተው የሳቁ ነበሩ። እናትሽ ግን አልተቀመጡም። ቆርጫለሁ፣ ሌባዋ እኔ ነኝ አሉ። ከዚያ ድስቱን አስከፍተው ለሰብሳቢው ሽማግሌ በእጃቸው አጎረሱ። በየተራ ሁሉም እንዲቀምስ አደረጉ። በመጨረሻም በዚያ በምታውቂው ስብርብር አማርኛቸው እንዲህ አሉ፦

“እኔ ዓይን የለም። አፍ ግን አለ። ወላሂ፣ እሱ ነው። ሳር እንዲህ አይጣፍጥም።”

 ይማም ተራው ሲደርስ ረጅም ጊዜ አላመጠ፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ልጅ ሆኖ እኛ ቤት ስንት ክረምት በልቶታል፣ ያንቺ እጅ ትዝ ሳይለው አልቀረም። ሽማግሌዎቹም ተንሾካሹከው ጥብቁ ሌላ ሁለት ክረምት ይቆይ ብለው ወሰኑ። ለእናትሽም ደንቡ አልቀረላቸውም፣ የአንድ ቀን ምንጠራ ተፈረደባቸው። እኔ ሠራሁላቸው፤ ማን ይሠራዋል ሌላ? ይማም ደግሞ በማግስቱ ላሞቹን መልሶ አስገባ። ፊሽካ ነፋሁበት። ሳሩ እንዴት አደረ ማለቱን ግን ትቷል።

ሁሉም እንኳን ደስ አለህ ሲለኝ እኔ ዕንባዬ መጣ። ደስታ መሰላቸው። ሁለት ክረምት ማለት እነዚያ ዳገቶች፣ ያ ቦቲ፣ ያ ዝናብ መሆኑን እኔ ነኝ የማውቀው። ቀርከሃ መሆኑን በማወቄ ልቤ ሞላ፣ ጉልበቴ ደግሞ ያው ባዶ ነው። ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ እንዴት እንደሚኖር አላውቅም፣ ግን ይኖራል።

ከስብሰባው ስንመለስ እናትሽ ወደ አንቺ ውሰደኝ አሉኝ። ክንዳቸውን ይዤ ጥብቁ ዳር ወዳለው መቃብርሽ አመጣኋቸው። በቋንቋችሁ ብዙ አወሩሽ። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬሽ ኖሬ ግማሹን እንኳ አልያዝኩትም፣ ስሜን ብቻ እየደጋገሙ ሲጠሩ ሰማሁ። ምን አሏት ብዬ ጠየቅኳቸው።

“ሰዎች ባልሽ በሐዘን አብዷል ብሎ ነበር፣ ሳር ይጠብቃል ብሎ። ውሸት ነው አልኩት። ልጄ ሐዋ ይስማ ብዬ ነው የቆረጥኩ።”

ለካ ለምግብም ለደኑም አልነበረም። እኔ የሠፈሩ መሳለቂያ መሆኔ ሆዳቸውን ሲበላው ኖሯል፣ እኔ ደግሞ እኔ ነኝ እሳቸውን የምጠብቅ ብዬ አስብ ነበር። ሐዋዬ፣ አደራ ስትዪ ማንን ለማን እንደሰጠሽ አሁን ነው የገባኝ።

ውሃው ቀዘቀዘ፣ እግሬን ላውጣ። ነገም እወጣለሁ። በየቀኑ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ እንዳላወራሽ አትቀየሚኝ፤ አንዴ ከተቀመጥኩ የምነሳበት ጉልበት የለኝም። ነገር ግን በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ዝናብ ቢሆን ሐሩር ቢሆን፣ ዙሬን ስዞር በዚያ በኩል ሳልፍ ስምሽን ጠርቼ ሳልሰላምሽ አላልፍም። እኔ መሄድ ሲያቅተኝም ልጅ ልጃችን ስምሽን ይዛ ታልፋለች፣ ቦታውን አሳያታለሁ።

ባልሽ ሰይድ