ያልተለቀሰለት ታከለ

አያ፣

ደብዳቤ «ውድ» ተብሎ ይጀመራል። እኔ ግን ዛሬ ያንን ቃል ልጽፍልህ እጄ እምቢ አለኝ። ከተለየኸን ዘንድሮ አርባ ሁለት ዓመት ሆነ። ይህን ሁሉ ዘመን ሙት ዓመትህን ሳላስታጉል አውጥቼ፣ «የጀግና ልጅ» ሲሉኝ ደስ እያለኝ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ተቀይሜሃለሁ። በሰባ አምስት ዓመቴ የሞተ አባቴን መቀየሜ ለራሴም ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ቤቱ ደህና ነው። የአራዳው ቤት ቆርቆሮው ተቀይሯል። አንተ የተከልከው ኮክ ደርቆ አስቆረጥነው። እማዬ ካንተ በኋላ ስድስት ዓመት ቆይታ ተከተለችህ። ታናሽ ወንድሜ መኮንን ፀዳ ሰፈር ቤት ሠርቶ ገብቷል። እዚያው ሰፈሩ ውስጥ አዲስ ትምህርት ቤት ተሠርቶ፣ ሽማግሌዎቹ በስምህ ሊሰይሙት እንደሆነ መጥተው ነገሩን። በምረቃው ላይ ስለ አንተ እንድናገር የመረጡት እኔን ነው።

እኔ የማውቀው ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነበር። ጣሊያን ለመንገድ ሠራተኛ ቀለብ ብሎ ሁለቱን በሬዎችህን ከቀንበር ፈትቶ ሲነዳብህ፣ ሞፈሩን እርሻው ላይ ጥለህ፣ ያያቴን ውጅግራ ጠመንጃ አንግተህ ከአራት ሰው ጋር ዱር ገባህ። በዓመቱ የወገራ ጎበዝ ሁሉ ተከተለህ። የጦር ማኪናዎቹ የሊማሊሞን ገደል እያቃሰቱ ሲወጡ ከላይ ድንጋይ እየናድክ መንገድ ትዘጋባቸው ነበር። ትከሻህን ጥይት በስቶህ እንኳ በሦስተኛው ቀን ተመልሰህ ተዋግተሃል። ይህንኑ ልናገር ተዘጋጅቼ፣ ትንሽ የሚጨመር ባገኝ ብዬ እማሆይ ጥሩነሽ ዘንድ ሄድኩ።

የእማሆይን እናት አትረሳቸውም። ጎንደር ገበያ እንቁላል እየሸጡ፣ ሲመለሱ የጠላትን ወሬ የሚያመጡልህ እሳቸው ነበሩ። እማሆይ አሁን ሰማንያ አልፏቸዋል፤ መንኩሰው ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ባለች አንዲት ክፍል ይኖራሉ። ስለ አባቴ የሚያውቁትን ይንገሩኝ አልኳቸው።

«የምረቃውን ነው ወይስ እውነቱን?» አሉኝ።

እውነቱን አልኳቸው። «ታከለን ታውቂዋለሽ?» አሉ።

አያ፣ ይህ ስም በቤታችን ተጠርቶ አያውቅም። የእማዬ ወንድም እንደነበረ፣ ባንዳ ሆኖ አንተ እንዳስገደልከው የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ነገሩን ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ሆኖም ዛሬ ከእኔ ስማው።

ታከለ ጎንደር ፒያሳ በጣሊያን መጋዘን ጭነት ይጭን ነበር። አንድ ቀን ጠላት ድንገት ከቦ ሰባት ሰው ገደለብህ። ከሰዎችህ አንዱ «ታከለን ከጠላት ማኪና ላይ ተቀምጦ አየሁት» አለህ። ለመስቀል እናቱን ሊጠይቅ ወደ አገሩ ሲመጣ አስያዝከው። በጠራራ ፀሐይ ከወይራ ሥር በሰዎችህ ፊት አቆምከው። «አያ፣ ለብቻህ ላናግርህ» ብሎ ለመነህ።

«ከባንዳ ጋር የምመክረው የለኝም። እዚሁ ተናገር» አልከው።

ሰዎችህን አንድ በአንድ አያቸውና ዝም አለ። እህቴን ልሰናበታት ቢልህም ከለከልከው። ተተኮሰበት። ለእማዬም «ለባንዳ አይለቀስም» የሚል ቃል ላክህባት። እሷም ፀጉሯን አልተላጨች፣ ነጠላዋን አላዘቀዘቀች፣ ደረቷን አልመታች። የወንድሟን ሞት እንደ ነውር ውጣ ተቀመጠች።

ይህን ሁሉ የነገሩኝ እማሆይ ናቸው፤ ዋናው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። «ያን ሁሉ ወሬ ላባትሽ የሚልከው ታከለ ነበር» አሉኝ። «ማኪናው መቼ እንደሚወጣ፣ ምን እንደጫነ ለእናቴ ይነግራታል፤ እሷ ታደርሳለች። ከማን እንደሰማች ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል። ካባትሽ ሰዎች መሀል ለጣሊያን የሚናገር እንዳለ ያውቃል፤ ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቢናገር እናቴም አትተርፍም ነበር።»

ስለዚህ ነው ለብቻህ ላናግርህ ያለህ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሲቋረጥብህ እንቁላል ሻጯን አስጠርተህ «ምነው ወሬ ጠፋ?» አልካቸው። «ወሬውንማ ራስህ ገደልኸው» ብለው አለቀሱብህ። አንተም ከድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ብዙ ቆየህ። ስትነሣ ያልከው ይህን ነው፦ «ሰዉ ይህን ከሰማ ይበተንብኛል። ከአፍሽ እንዳይወጣ ማይልኝ።» ማሉልህ። መሐላቸውን የፈቱት ሊሞቱ ሲሉ ለልጃቸው ነው። ልጃቸውም «የጀግናን ስም አጠፋሽ እንዳልባል ፈራሁ» ብለው እስከ ዘንድሮ ዋጡት።

በጦርነቱ ጊዜ ዝም ማለትህ ይገባኛል። ጦር የሚመራ ሰው የሚፈራው ነገር አለው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ግን ከእማዬ ጋር በአንድ መሶብ እየበላህ አርባ ዓመት ኖርክ። ግራዝማች ተባልክ። ለማን ነበር ያን ጊዜ ዝም ያልከው?

አንድ ነገር አስታውሳለሁ። ያኔ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። በድንበር ነገር የተጣላን ጎረቤት እማዬን በደጃችን «የባንዳ እህት» ብሎ ሰደባት። አንተ ዱላህን አንሥተህ ትከሻውን ሰበርከው። አገሩ «ባል ማለት እንዲህ ነው» አለ። እማዬም ውለታ የዋልክላት መስሏት እግርህን አጥባ ሳመችህ። አንተ ዝቅ ብለህ እያየሃት እግርህን ሰጠሃት።

አያ፣ ዱላው ምን ያደርግላት ነበር? «ወንድምሽ ባንዳ አልነበረም» ማለት ሦስት ቃል ነው። ሊማሊሞ ላይ ያልፈራህ ሰው ሦስት ቃል ፈራህ። እሷም ሳትሰማው ሞተች። ይህን ይቅር የምልበት ቦታ ከልቤ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

ለመኮንን ነገርኩት። «ተይው እቴ፣ ሙት አይወቀስም» አለኝ። «የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ?» አልኩት። ሽማግሌዎቹም በዓሉን እንዳላበላሽ ለመኑኝ። የምረቃው ዕለት ተነሥቼ በመጀመሪያ ጀግንነትህን ተናገርኩ፤ እሱን አልሸሸግሁብህም። ቀጥዬ የወይራውን ነገር ተናገርኩ። ጭብጨባ አልነበረም። መኮንን ተነሥቶ ወጣ፤ እስከ ዛሬም ስልኬን አያነሣም። ከኋላ አንዲት የማላውቃት ሴት «ስሙን ድገሚልን» አለችኝ። ታከለ ይባላል አልኳት። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ከዚያ ሌሎቹም ተከተሏት።

ትምህርት ቤቱ በስምህ ተጠርቷል። አልተቃወምኩም፤ መንገዱን የዘጋኸው በእውነት አንተ ነህ።

በሳምንቱ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን አስተከልኩና ለአጎቴ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። በመልኩ የማላውቀው ሰው እንዲህ ያስለቅሰኛል አላልኩም ነበር። እማዬ ያላለቀሰችውን ይመስለኛል ያለቀስኩት። እማሆይም ሰው ደግፏቸው መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ።

አንተንም አልረሳህም፤ አትጠራጠር። ጎበዝነትህንም ዝምታህንም ለልጅ ልጆችህ አብሬ እነግራለሁ፤ አንዱን ከአንዱ አልለይልህም። በየዓመቱም በጸሎት ስማችሁን አስጠራለሁ። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አስመዘገብኳችሁ፤ ታከለን አስቀድሜ፣ አንተን አስከትዬ። ቄሱ መዝገቡን አዩና «አባት አይቀድምም ወይ?» አሉኝ።

«አባቴ ተራውን ይጠብቅ፤ ታከለ ብዙ ቆይቷል» አልኳቸው።

ልጅህ ስንዱ