የጁላይ አራቱ ባሩድ

ሎርናዬ፣

የሰጠሽኝን የግዛታችን ስም «ኦሃዮ» የተጻፈበትን ካናቴራ ለብሼ፣ ሰው ሁሉ «ቴነሲ» የሚል በለበሰበት መንደር አደባባይ ቆምኩ። አፌ መቼ ያርፋል! «የአሜሪካ ነፃነት የተወሰነው እኮ ጁላይ ሁለት ነው። አራተኛው ቀን የአዋጁ ጽሑፍ የጸደቀበት ነው፤ ሁለት ቀን ዘግይታችኋል!» አልኳቸው።

«እንግዲያው አንተ አዋቂ፣ ባሩዱን ለኩስልን» አለኝ ሽማግሌው አንጥረኛ ኦርቪል።

እዚህ ለነፃነት በዓሉ በመድፍ ፈንታ፣ ብረት የሚቀጠቀጥባቸውን ሁለት መስፎች ደራርበው፣ መሃላቸው ባሩድ ጠቅጥቀው፣ የላይኛውን ወደ ሰማይ ያስወነጭፉታል። ለኩሼ ሮጥኩ። ዝም አለ። ብንጠብቅም ዝም። ኦርቪል «ከሽፏል» ብሎ ሊያየው ሄደ። እኛ ጋ በዚህ በዓል የሚያስፈራን ፀሐይ የመታው የድንች ሰላጣ ብቻ ነው። እዚህ ግን ከመስፉ ሥር ቀጭን ጭስ ሲወጣ አየሁና ጮህኩ።

«ኦርቪል፣ ተመለስ!»

«ፈራህ እንዴ፣ ኦሃዮ?»

«አዎ፣ ፈራሁ! ና በናትህ!»

ሊያላግጥብኝ እየሳቀ ወደ እኔ መጣ። አጠገቤ ሲደርስ ባሩዱ ፈነዳ፤ መስፉም ተመልሶ እሱ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ወደቀ። አሁን ኦርቪል ጎኔ ተቀምጧል፤ ክንዴን አልለቅም ብሏል።

ክንዴን ስለያዘኝ ጽሑፌ ቢጣመም ይቅር በይኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ስለ ባሩዱ ግን እንዳትነግሪያት። ለነገሩ ፖስተኛው እንደ ልማዱ አንብቦ ሳይነግራት አይቀርም።

አጎትሽ ኤልዉድ